እትዬ መደብ ያልሞሉት ሳጥን

መሥሪያ ቤት ውስጥ ክብሪት ይሉኛል። ቶሎ ስለምቀጣጠል ነው፤ አልክድም። የጋዜጣ ጥራዝ ገልብጦ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ካየሁ ደሜ ይፈላል፤ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ይህን ጽሑፍ ስጽፍም ሦስቴ ተናድጄ ወረቀት ቀድጃለሁ። ስለዚህ የተረፈውን እንደ አመጣጡ አንብቡልኝ።

የምጽፈው ስለ ራሴ አይደለም። ለአሥር ዓመት ፊት ለፊቴ ስለተቀመጡ ሴት ነው። ስማቸው ሌላ ነው፤ እኛ ግን እትዬ መደብ እንላቸዋለን። ሥራቸው ለቤተ መጻሕፍቱ ዕቃ ሁሉ ርዕሰ ጉዳይ መስጠት ነው። መጽሐፍ ይሁን፣ ፎቶግራፍ ይሁን፣ የድምፅ ቅጂ ይሁን፣ ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ ያደርጉና እንደ ሰው ያናግሩታል። «እሺ፣ አንተ ደግሞ ስለ ምንድን ነህ?» ይሉታል። ሽፋኑ የሚለውን አያምኑም። አንድ ጊዜ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መጽሐፍ ሦስት ቀን ሙሉ ይዘው ቁጭ አሉ። ምነው ብላቸው፣ «ይህ ሰውዬ ንብ ንብ የሚለው ለይምሰል ነው። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ቀርቶ ነው፤ አንብበውና ፍረድ» አሉኝ። አነበብኩት፤ እውነታቸውን ነው። ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ንብ የሚባል ነገር የለም። «ንብ እርባታ» ከሚለው አጠገብ «ብቸኝነት» ብለው ጨመሩበት። ዛሬም ድረስ ብቸኝነት ብሎ የሚፈልግ ሰው ያንን መጽሐፍ ያገኘዋል።

ክፍላችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያለን መስኮት አንድ ነው፣ እሱም አልዘጋ ብሎ በታጠፈ ካርቶን እናስይዘዋለን። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የውሃ ማፍያ፣ ከዚያ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሞላ የድሮ የካርድ መሳቢያ። ካርዶቹ ሁሉ ወደ መረቡ ስለገቡ መሳቢያዎቹ ባዷቸውን ናቸው። አንዱን ብቻ እትዬ መደብ ይቆልፉታል። ስኳር የሚደብቁበት ይመስለኝ ነበር፤ እንዲያውም አንድ ቀን በስኳር አምቻቸዋለሁ።

መረቡ ያልኩትን ላስረዳ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ሁሉ የእብድ ወሬ ይመስላችኋል። ድሮ ኮምፒውተር የሚፈልግልን ቃል ነበር። ፊደሉ እስከተመሳሰለ ድረስ ያገኘውን ሁሉ ይዘረግፍልሃል፣ የምትፈልገውን አንተው ልቀም። መረቡ ግን የሚይዘው ቃሉን ሳይሆን ነገሩን ነው። እያንዳንዱ ሰው፣ እያንዳንዱ ቦታ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር አለው። ስለ እሱ የምንናገረው ሁሉ በሦስት ቁራጭ ይገባል፤ ነገር፣ ዝምድና፣ ነገር። ይህ መጽሐፍ፣ የሚያወራው፣ ስለ ንብ። ይህች ሴት፣ እናት ናት፣ ለዚያች ልጅ። የቀረውን ማሽኑ ራሱ ያገጣጥመዋል። የእናትህን እህት ከነገርከው፣ አክስትህ ማን እንደሆነች ሳትነግረው ያውቃል። ቤተ መጻሕፍት፣ ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣ፣ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ሁሉም እንዲህ እየተያያዘ አንድ ትልቅ ነገር ሆነ።

ከዚህ ሁሉ እኔ የምፈራው አንድ ቁልፍ ነው። ማሽኑ የሚመሳሰሉ ሁለት መዝገቦች ሲያገኝ «አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?» ብሎ ይጠይቃል። «አንድ ናቸው» ካልከው አለቀ፤ የአንዱ የሆነው ሁሉ የሌላው ይሆናል። እትዬ መደብ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህንኑ ነበር። «ማያያዝ ማንም ያያይዛል፤ ጭንቁ መለየት ነው። ካላወቅክ እጅህን ሰብስብ» ይሉታል።

እኔ የእሳቸው ሥራ አጣሪ ነኝ። በተቀጠርኩ በዓመቴ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ እንደ ጉድ ኮራሁበት። ከሥሩ አንድ ዕቃ ብቻ ያለው ርዕስ፣ ርዕስ አይደለም የሚል ነው። ቀይ ምልክት ይደረግበታል፣ ዘጠና ቀን ይጠበቃል፣ ሁለተኛ ዕቃ ካልመጣለት ማሽኑ ይሰርዘዋል። በአንድ ሰሞን አራት ሺህ ርዕስ ጠራረግኩ። አለቃችን በስብሰባ ፊት ሲያመሰግኑኝ ሸሚዜ ሊጠበኝ ምንም አልቀረው። እትዬ መደብ ግን፣ «አንድ ብቻ የሆነ ነገርስ የት ይሂድ?» አሉኝ።

«ሁለተኛውን ይጠብቃላ!» አልኳቸው። የሳቅኩም ይመስለኛል።

ያን ዓመት ከተረፉት ርዕሶች መካከል የአንዲት ሕፃን ስም ነበረበት። ቀይ ምልክቱን ያደረግኩበት እኔው ነኝ፤ ሁለተኛ ዕቃ የመጣለት ሊሰረዝ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ ልብ አላልኩትም። ከዚያ ሁሉ ርዕስ ውስጥ አንዷን ማን ልብ ይላል?

እትዬ መደብ በዓመት አንድ ቀን ምሳ አይወጡም። በሁለተኛው ዓመት ይሁን በሦስተኛው፣ ያን ቀን ውሃ ላፈላ በጀርባቸው ሳልፍ ስክሪናቸውን አየሁት። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ተከፍቷል። አንደኛው ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት፤ የቤተ መጻሕፍታችን ደረጃ ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ትስቃለች፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል። ሁለተኛው የትምህርት ቤት የሽልማት ቀን ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ወረቀት ይዛ ቆማለች። ዓይኔን የያዘኝ እግራቸው ነው። በሁለቱም ላይ ጫማው የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ነው የተደረገው።

«ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው እቴ! ሦስት ዓመት ሙሉ ለልጁ ጫማ የሚያስተካክል አንድ ሰው ይጥፋ?» አልኩ።

እትዬ መደብ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ወሬኛ ነው ብለው ናቁኝ ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ግን ያንን ርዕስ በየጊዜው አየው ጀመር። አጣሪ ነኝ፣ መብቴ ነው። ማንም ሳይነካው ያድጋል። በዓመት አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ዕቃ ማሽኑ ራሱ ያመጣለታል። በአሥር ዓመቷ የክፍል ፎቶ፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ የሩጫ ውድድር፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ። ሁሉም ላይ ፊቷ ደስ ይላል። አብዛኛው ላይ ጫማዋ ተገላብጧል። በተገላቢጦሽ ጫማ ሦስተኛ ወጣች!

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሬዲዮ ጣቢያው የተማሪዎች የንባብ ውድድር ቅጂዎች ልኮልን፣ ምድር ቤት ባለው የድምፅ ክፍል ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አጣራለሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ በኮሪደሩ በኩል ትገባለች፤ የሚያስፈራ ነገር የለም። የልጅቷ ተራ ደረሰ፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አስተዋዋቂው ስሟን ጠራ። «አቤት» አለች። ወዲያው ከእሷ ቀጥሎ ሌላ «አቤት» መጣ። ቀጭን ነው፣ የትንሽ ልጅ ነው፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ የምታወጣው ዓይነት። ከዚያ ንባቡ ቀጠለ።

መልሼ አዳመጥኩት። አቤት። አቤት። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አንስቼ የድምፅ ባለሙያውን ጠራሁት። ሰውዬው ሰላሳ ዓመት በጆሮው እንጀራ የበላ ነው። አዳመጠና፣ «አንድ ልጅ ናት። የቤት ማስተጋባት ይሆናል። ምነው አንተ፣ ላብ በላብ ሆንክ?» አለኝ።

«የቤት ማስተጋባት ድምፅ ያሳንሳል እንጂ ዕድሜ ይቀንሳል?» አልኩት።

ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነገሩን ዋጥኩት።

ያን ሳምንት ነው የፅዳቷ ሴትዮ የነገረችኝ። ከእኔ በፊት ጀምሮ እዚያ የኖረች ናት። የእትዬ መደብን ጠረጴዛ ስትወለውል የልጅቷን ስም ጠርቼ አነሳሁባት፤ ወሬ ላገኝ እንጂ ሌላ አልነበረኝም። ጨርቋን ያዝ አድርጋ አየችኝ።

«አታውቅም እንዴ? የእሳቸው ልጅ እኮ ናት። ያችን አንዷን ነበር የወለዱት። እዚህ ደረጃ ላይ ስትጫወት ውላ፣ በስድስት ዓመቷ ሆስፒታል ገብታ ቀረች። ነፍሷን ይማር» አለችኝ።

 በስድስት ዓመቷ የሞተች ልጅ፣ በዘጠኝ ዓመቷ ሽልማት ትቀበላለች? በአሥራ አንድ ትሮጣለች? ወደ ኮምፒውተሬ ሄጄ መዝገቧን ከፈትኩ። ስም አለ። የትውልድ ዓመት አለ። እናት፣ እትዬ መደብ። «የሞተችበት ዓመት» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። እኛ ጋ ባዶ ሳጥን ማለት፣ ሰውዬው በሕይወት አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ፈሪ ነበርኩ። ክብሪት ክብሪት የሚሉኝ በጋዜጣ ጥራዝ ነው እንጂ፣ ያንን ሳጥን እንኳን ልሞላው ልጠይቃቸውም አልቻልኩም። በዓመት አንድ ቀን ምሳ ሳይወጡ ሲቀሩ፣ እኔ ቶሎ ብዬ እወጣላቸው ነበር። እንዲህ ስድስት ዓመት ሄደ። ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞላት።

ዘንድሮ ሆስፒታሉ መረቡን ተቀላቀለ። በሁለተኛው ወር ስልክ ጮኸ፣ እትዬ መደብ አነሱት። ሲያዳምጡ ፊታቸው እንደ መሳቅ አለ።

«እኔ? ኧረ ደህና ነኝ ልጄ፣ ተሳስተሻል» አሉ። እስክትጨርስ አዳመጡ። ከዚያ ስልኩን ዘጉት።

«ማን ነው?» አልኩ።

«ማክሰኞ ጠዋት ምግብ ሳልቀምስ እንድመጣ ነው። ሆዴ ውስጥ ያለውን እጢ ሊያወጡልኝ።»

በማግስቱ ያንኑ የሚል ደብዳቤ በስማቸው መጣ። እጢው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሌሊት ሌሊት እንደሚያማቸው ሁሉ ተጽፏል። እትዬ መደብ እያነበቡ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። እውነቴን ነው፣ ፈልገው አይመስለኝም፤ እጃቸው ነው የሄደው። እኔ የእሳቸውን መዝገብ ከፈትኩ። ከስማቸው ሥር «በሌላ ስም» የሚል መስመር ተጨምሯል፣ ስሙ የማላውቃት ሴት ስም ነው። ሁለት የመኖሪያ አድራሻ። ሁለት የደም ዓይነት፣ ኦ እና ኤ።

ዝምድናውን ወደ ኋላ እየተከተልኩ ሄድኩ። ማሽኑ አላበደም፤ ቢያብድ ይሻል ነበር። ያስተማርነውን ነው የሠራው። አንዲት ልጅ ያላት ወላጅ እናት አንዲት ብቻ ናት ብለን ነግረነዋል። በዚያች ልጅ መዝገብ ላይ ደግሞ ሁለት እናት አገኘ፤ በእኛ በኩል እትዬ መደብ፣ በሆስፒታሉ በኩል ሌላ ሴት። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች አንዲት ሴት ናቸው አለ።

«ይህችን ልጅ ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ያያያዘው ማነው?» ብዬ ጮህኩ። «ማን እንደተጫነው ማሽኑ ያስቀምጣል። አሁን እከፍተዋለሁ፤ ጉዱን አፈላዋለሁ!»

«አትክፈተው» አሉኝ።

«ለምን?»

«አትክፈተው አልኩህ፣ ወንድሜ።»

አልከፈትኩትም። ሲለምኑ ሰምቻቸው ስለማላውቅ ነው።

ረቡዕ ዕለት፣ ከምሳ በኋላ፣ በሩ ሁለቴ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት ገባች። ፖስታ ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ይቅርታ፣ እናቴን ፈልጌ ነው» አለች። ከዚያ ደንገጥ ብላ አስተካከለች። «ማለቴ፣ ማሽኑ እናትሽ ናት ያለኝን ሰው።»

ፊቷን አወቅኩት። ለዓመታት በፎቶ ሳየው የኖርኩት ፊት ነው። እትዬ መደብ ከወንበራቸው ተነሱና መልሰው ቁጭ አሉ። ዓይናቸው ወደ ወለሉ ወረደ፣ የእኔም ተከተለ። የልጅቷ ጫማ የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ነው።  የቆመችው ሰው መሆኗን ለማረጋገጥ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ግድግዳው ላይ ጥላዋን ፈለግኩ። ጥላ ነበራት።

«ቁጭ በይ፣ ልጄ» አሉ እትዬ መደብ። 

አልተቀመጠችም። እናቷ ሆስፒታል ተኝታለች። ቀዶ ሕክምናው ትናንት መሆን ነበረበት። ማሽኑ ግን ሴትዮዋ ሁለት ደም አላት፣ ደግሞም ጤነኛ ናት፣ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ ናት ይላል።

«ደሟን እንደገና መረመሩት፤ ኤ ነው። ግን የደም ባንኩ ለዚህ መዝገብ አልለቅም ብሎ ቆለፈ። ያለ መዝገብ ደም ልስጥ የሚል ሐኪም ደግሞ ጠፋ። ከነገ ካለፈ ዋስትና አልሰጥም ብሎኛል ሐኪሙ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከኛል። መጨረሻ ላይ አንዲት ነርስ፣ ይህ ነገር የተጀመረው ከቤተ መጻሕፍቱ ነው፣ እዚያ ሂጂ አለችኝ። እባካችሁ፣ እኔን ከዚያ ነገር አውጡኝ። የእናቴ ልጅ መሆን ነው የምፈልገው።»

እትዬ መደብ ግን እግሯን እንዳዩ ናቸው። «ጫማሽን እንዲህ ማድረግ ማን አስተማረሽ?» አሉ።

ልጅቷ አፈረች። «የልጅነት ነገር ነው፤ ለከባድ ቀን ነው የማደርገው። ስድስት ዓመቴ ላይ ታምሜ ተኝቼ ነበር። የጎን አልጋዬ ላይ ሞክሼዬ ነበረች፤ እሷ ናት ያስተማረችኝ። ጫማሽን ካቀያየርሽ በሽታው ዱካሽን ሲከተል ይሳሳታል፣ ሌላ መንገድ ይሄድልሻል ትለኝ ነበር። ነርሷ ስማችንን ስትጠራ ሁለታችንም አብረን ነበር አቤት የምንለው። በጣም ያስቀን ነበር።»

 «ሬዲዮ ጣቢያ ሄደሽ ስታነቢ አብራሽ ሌላ ልጅ ነበረች?» አልኳት።

«የለም፤ ብቻዬን ነበርኩ። ምነው?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ።

«ከዚያስ?» አሉ እትዬ መደብ። «ሞክሼሽስ?»

«አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ አልጋዋ ተነጥፎ አየሁት። ነርሷ ቤቷ ሄደች አለችኝ። ሳትሰናበተኝ ብዬ ተቀየምኳት፤ ግን ደስ አለኝ። ጫማው ሠርቶላታል አልኩ።»

እትዬ መደብ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ልጅቷ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሩ።

«መዝገቡን ብትከፍተው የምታገኘው የእኔን ስም ነው» አሉ። «ቀይ ምልክትህ ሰማንያ ዘጠነኛ ቀኑ ላይ ነበር። ያለኝ ያ አንድ ፎቶ ብቻ፤ ለነገ ይሰረዛል። ማሽኑ የሽልማቱን ፎቶ አመጣና አንድ ናቸው ወይ አለኝ። ስማቸው አንድ፣ የተወለዱበት ዓመት አንድ። አንድ አለመሆናቸውን አውቃለሁ። የጎን አልጋዋ ልጅ መሆኗን ገና ሳያት አውቄያታለሁ፤ ስንት ቀን ውሃ አጠጥቻታለሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ተጫንኩት። ነገ እለያቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ በዓመቱ ሌላ ፎቶ መጣ። ቁመት ጨምራለች። ዘንድሮስ ምን ታክላለች እያልኩ መጠበቅ ጀመርኩ።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ይቅር በይኝ። ልጄን ያሳደግኩት አንቺን ሰርቄ ነው።»

 የመስኮቱ ካርቶን ነፋሱ ሲመታው ይንቀጫቀጫል። «ቤቷ አልሄደችም እንዴ?» አለች በመጨረሻ።

«አልሄደችም» አሉ እትዬ መደብ።

ልጅቷ ያኔ ተቀመጠች፤ ፊቷን በፖስታው ሸፍና አለቀሰች። እኔ ክብሪት የተባልኩት ሰው ውሃ ማፍያውን ይዤ መሃል ወለል ላይ ቆሜያለሁ። በእናቷ ላይ የመጣው ሁሉ ከእኔ ቀይ ምልክት መጀመሩ ገብቶኛል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? ውሻው እኔ ነኝ።

«እንለያቸው» አልኩ።

ሲያያዙት አንድ ቁልፍ ነው፤ ሲለዩት ግን ማሽኑ ማስረጃ ይጠይቃል። «በምን ይለያያሉ?» ብሎ ጻፈ። ስም? አንድ ነው። የትውልድ ዓመት? አንድ። የተኙበት ክፍል? አንድ። እናት? እሱም አሁን አንድ ሆኗል። የቀረው ያ ሳጥን ብቻ ነው። እትዬ መደብ ተነሥተው የተቆለፈውን መሳቢያ ከፈቱ። ስኳር አልነበረም። አራት ቦታ የታጠፈ የሆስፒታል የሞት ማስረጃ ነው፤ ዘርግተው ስክሪኑ ላይ ደገፍ አደረጉት። አሥራ ሁለት ዓመት ባዶ የኖረውን ሳጥን ነኩና ዓመቱን መጻፍ ጀመሩ። ሦስት ቁጥር ጻፉ። አራተኛው ላይ ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«እኔ ልጻፈው፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«ተው። እናቷ እኔ ነኝ» አሉ። ጻፉት።

ዕቃዎቹ ከርዕሱ ሥር አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። ሽልማቱ ሄደ። የክፍል ፎቶው ሄደ። ሩጫው ሄደ። የሬዲዮው ቅጂ ላይ ማሽኑ ቆመ። የየትኛዋ እንደሆነ ያልገባው ይመስል አምስት ደቂቃ ያህል እየተሽከረከረ ቆየ። በመጨረሻ እሱም ሄደ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ የምትስቀው የስድስት ዓመቷ ልጅ ብቻዋን ቀረች። የእትዬ መደብን መዝገብ ስከፍት «በሌላ ስም» የሚለው ጠፍቷል፤ አንድ አድራሻ፣ አንድ ደም። ሆስፒታሉ ጋ ስደውል የደም ባንኩ መከፈቱን ነገሩኝ። ልጅቷ እየሮጠች ወጣች። በሩ ላይ ተመልሳ እትዬ መደብን አቀፈቻቸው፤ የተናገረችው ነገር ካለ አልሰማሁትም።

ሐሙስ ዕለት እትዬ መደብ እንደ ወትሮው ሥራ ገቡ። ሦስት ሰዓት ገደማ እስክሪብቶዬ ወደቀችብኝ። ላነሳት ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ስል እግራቸውን አየሁ። ጥቁሩ የሥራ ጫማቸው የግራው በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ነው። እስክሪብቶዬን አንስቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷ ደወለች። እናቷ በሰላም ወጥታለች። እትዬ መደብ ስልኩን ዘግተው ጎንበስ አሉና፣ ጫማቸውን አስተካክለው አደረጉ።

ዓርብ ጠዋት ከልጃቸው ስም ፊት ቀይ ምልክት በራ። ዘጠና ቀን። ማንም አላደረገውም፤ ደንቡ ነው፣ የእኔ ደንብ። ወደ አለቃችን ወጣሁና ይህ ደንብ ይሻር አልኩ። «አንተ አይደለህ እንዴ ያወጣኸው? አሁን የመረቡ ሁሉ ደንብ ሆኗል፤ ከእኛ እጅ ወጥቷል» አሉኝ። በሩን አጋጭቼ ወጣሁ። በንዴት የሚፈታ ነገር ቢሆን ኖሮ እኔ አገር እፈታ ነበር።

እትዬ መደብ ቀዩን ምልክት አይተው አለፉት። ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ርዕስ ይሰጣሉ። ግን ዕቃዎቹን ማናገር ተዉ። መጽሐፍ አንስተው፣ ዝም ብለው አይተው፣ ጽፈው ያሳልፋሉ። አሥር ዓመት ሙሉ «አንተ ደግሞ ስለ ምንድን ነህ?» ሲሉ እየሰማሁ ውስጤ ይነድ ነበር፤ ሲቀር ግን ክፍሉ የማይኖርበት ቤት ሆነብኝ። እንዲያውም ጸጥታው ውስጥ የሆነ ሰው ስም ሊጠራ እንደሆነ እየመሰለኝ ጆሮዬን አቆም ነበር።

ስለዚህ መጻፍ ጀመርኩ። ጽሑፍ ዕቃ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ከገባ ይቆጠራል። ሰማንያ ስድስተኛው ቀን ላይ እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን (የቀረውን ኋላ ነው የጨመርኩት) ከሌሎቹ መጻሕፍት ጋር ደርቤ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና በመስኮት የማይ መሰልኩ። ተራው ሲደርስ አነሱት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«እሺ፣ አንተ ደግሞ ስለ ምንድን ነህ?» አሉት።

አነበቡት። ደረጃው ላይ የምትስቀው ልጅ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዚያ ቀጠሉ። ሲጨርሱ፣ «በስኳር ስታማኝ አላፈርክም» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ሞልቷል። ከጽሑፉ ሥር የልጃቸውን ስም ጻፉ። ከስሟ ፊት የነበረው የዕቃ ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ተለወጠ። ቀዩ ምልክት ጠፋ።

በዚያ አላበቁም። ከልጃቸው ርዕስ ወደ ሞክሼዋ ርዕስ አንድ ማያያዣ ዘረጉ። «አንድ ናቸው» የሚለውን አይደለም፤ «ይህንንም ይመልከቱ» የሚለውን። ልጅቷን አስቀድመው ጠይቀዋት ኖሯል፣ እሺ ብላለች። ማሽኑ ምክንያት ሲጠይቅ፣ «የጎን አልጋ» ብለው ጻፉ። ማጽደቁ የእኔ ሥራ ነበርና አጸደቅኩት።

አሁን ያን ስም በመረቡ ላይ የሚጠራ ሰው ሁለቱንም ያገኛቸዋል። አንዷ ስትጠራ ሁለቱም አቤት ይላሉ።